ሁለታችንም የምናውቀው ውሸት

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ድመት ጣሪያ ላይ ስትዘል ልቤ ድው ይላል፤ ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ከጮኸ «ማን ሞተ?» ብዬ ነው የማነሳው። ስሜ ፍረወይኒ ነው። ወልድያ ተወልጄ፣ ወልድያ ተምሬ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አርጅቼ የምቀር የምመስል ልጅ ነበርኩ። አባቴ አቶ አታክልቲ በልጅነቱ ከትግራይ መጥቶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ አግብቶ ወለደ፣ እናቴንም እዚሁ ቀበረ። አገራችን ይኸው ነው። ያ ክፉ ጊዜ ከመጣ ወዲህ ግን ስማችን በተጠራ ቁጥር ሰው ቀና ብሎ ያየናል፤ ጊዜው አለፈ ቢባልም ፍርሃቱ ከቤታችን አልወጣም። ፈሪ ደግሞ ውሸት አያጣም።

ሞገስን ያገኘሁትም በውሸቴ ነው።

አንድ የገጠር ሹፌር የጎማ ኩሽኔታ ሊገዛ መጥቶ «ኦሪጅናል ነው?» ቢለኝ፣ «የለየለት ኦሪጅናል! ለአንተ ብዬ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አልሰጥም ነበር» አልኩት። ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አስቦ አይናገረውም፤ ከአፉ ይወጣል እንጂ። በሩ አጠገብ ተራውን የሚጠብቅ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ረጅም ልጅ ኩሽኔታውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው፣ በአውራ ጣቱ አዞረው።

«ይሄ ኦሪጅናል አይደለም» አለው ለሹፌሩ። «ግን መጥፎም አይደለም። ለአንተ መኪና ይበቃዋል።»

ሹፌሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና ኩሽኔታውን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ።

«ደስ አለህ?» አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«አላለኝም። ግን ጠየቀሽ እኮ።»

«አንተን ጠየቀህ?»

አሰበበት። የእውነቱን አሰበበት፣ ጣሪያውን እያየ። «አልጠየቀኝም» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ላይ ትክክል ነሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልሳደብ ነበር፤ ተውኩት። ተሳስቻለሁ የሚል ወንድ እስከዚያ ቀን ድረስ ሱቃችን ገብቶ አያውቅም።

መርሳ ላይ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ዕቃ ሊገዛ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር፤ ቆይቶም ሳይገዛ ይመጣ ጀመር። ጨዋታችን ሁሉ ክርክር ነበር። አንድ ቀን ገና ሲገባ «ደህና ነህ?» ብለው «አይ፣ ጥርሴን አሞኛል» አለ። እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? የሚባለው ደህና እግዚአብሔር ይመስገን ነው አልኩት። ታዲያ ደህና ካልሆንኩስ አለ። ሰው ሰላምታ ሲሰጥህ ስለ ጥርስህ እየጠየቀህ አይደለም፣ አየሁህ ማለቱ ነው፤ አንተም ደህና ስትል አየሁህ ማለትህ ነው፤ ማን ተታለለ? «ሁለታችንም የምናውቀው ውሸት ውሸት አይደለም» ብዬ ዘጋሁት። በጣም ኮራሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ከርሞ መጣ። አንደኛው ወገን ባያውቅስ አለኝ። «ለአንተ ብዬ ነው» የሚለው የነጋዴ ወግ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከግራና ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ ግን ያምንሻል፤ ያኔ ውሸቱ የወደቀው ማን ላይ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሪጅናል ያልሆነውን ኦሪጅናል ማለት ተውኩ፤ አባቴ ሽያጭ ቀነሰ ብሎ ተነጫነጨ።

በዚህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ ሹሩባ ተሠርቼ «እንዴት ነው?» ስለው «የበፊቱ ያምርብሻል» ብሎኝ ሁለት ሳምንት አኩርፌዋለሁ። ሌላው ወንድ ያላንቺ መኖር አልችልም ይላል፣ አንተ ምን ትላለህ ብዬ ስሸነግለው ደግሞ፣ ጣሪያውን አይቶ፣ «ያላንቺ መኖር እችላለሁ፤ እስካሁን ኖሬያለሁ። ግን አልፈልግም» አለ። ይህን ሰምቼ ባንኮኒው ስር የወደቀ ዕቃ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ወደድኩት፤ እንደዚያ አድርጌ ሰው እወዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለታችንንም የነካን ክርክር ግን አንድ ነው። የሱ አባት ባልሰረቀው በሬ ተከሶ፣ አንድ ጎረቤት በሐሰት ምሎበት ታስሮ፣ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ሞገስ ልጅ ሆኖ መሐላውን በጆሮው ሰምቷል። እኔ ደግሞ በዚያ ክፉ ጊዜ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ደጃችን ላይ ቆመው «እነዚህ እነማን ናቸው?» ሲሉ፣ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ ወጥቶ በታቦት ምሎ «የእኔ የሥጋ ዘመዶች ናቸው» አለ። በሐሰት ነው የማለው። ይኸው በሕይወት አለሁ። እሱስ ኃጢአት ሠራ ትላለህ ብዬ አፋጠጥኩት። ሞገስም ያንን ሰውዬ ባገኘው እጁን እስመዋለሁ አለ፤ ሐሰት አይደለም ግን አልልሽም አለ። እዚያው ላይ ቆምን። ያኔ ጨዋታ ነበር የመሰለን።

አንድ ማክሰኞ ሞገስ በማይመጣበት ቀን መጣ። ደህና ነህ አላልኩትም፣ ፊቱ አስፈራኝ። ወደ ጓሮ፣ አሮጌ ጎማ ወደምንከምርበት ጠርቶ ነገረኝ።

ወንድሜ አሉላ ትናንት በፒክአፓችን ዕቃ ይዞ ወደ ግራና ሄዶ ነበር። ሲመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሞገስ ጋራዥ ገብቶ የፊት መብራቱን እንዲቀይርለት ጠይቆታል። አህያ ገጨሁ ብሎታል።

«ታዲያ?» አልኩ።

ሞገስ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ የተቀደደች ቁራጭ ጨርቅ አለች፤ አረንጓዴና ነጭ።

«ከመብራቱ ብረት ስር ይህን አወጣሁ። ፍሬ፣ አህያ ሽርጥ አይለብስም።»

ከሰዓት በኋላ ወሬው ወልድያ ደረሰ። የሼህ አብዱልሐሊም ልጅ ኢዘዲን ከማሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመኪና ተገጭቶ መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ፣ የገጨው አልታወቀም ተባለ። ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ለአባቱ አንድ ወንድ። ጉዴ ፈላ አልኩ። ወንድሜን ፈልጌ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

አሉላ አልካደኝም። መታጠፊያው ላይ ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው፤ ልጁን ያየው ከነካው በኋላ ነው። ቆሞ ወርዷል። ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ፈልጓል፤ ትንፋሽ የለውም። ከዚያ ከማዶ የሰው ድምፅ ሲሰማ መኪናው ውስጥ ገባና ነዳ። ለምን ስለው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ «ስሜን ሲሰሙ በድንገት ነው ብለው የሚያምኑኝ ይመስልሻል?» አለ። ምን ልበለው? እኔም በሱ ቦታ ብሆን የምፈራው ይህንኑ ነበር። አባቴ ሁለታችንንም አይቶ «ሆድ ይፍጀው» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። አሉላ በማግስቱ ማለዳ ቆቦ አጎታችን ዘንድ ሄዶ ተደበቀ።

ሞገስን ለመንኩት። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ዝም አይነቅዝም እያልኩ ተረት ሁሉ ጠቀስኩ። የሱ ቃል ግን አንድ ነበር። ካልተጠየቅሁ አልናገርም፤ ወንድምሽ ራሱ ወጥቶ ይናገር ዘንድ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ከተጠየቅሁ ግን አልዋሽም። ማን ይጠይቀዋል ብዬ ተጽናናሁ፤ ፖሊስ በመንገዱ ያለፉ መኪኖችን ሲያጣራ መርሳ ጋራዥ ድረስ አልደረሰም።

ከዚያ አውጫጭኝ ተጠራ።

ለማያውቀው ልንገር። ጥፋት ተሠርቶ ጥፋተኛው ሲሰወር ያገር ሽማግሌ አገሩን ሰብስቦ፣ አንድ በአንድ እያስማለ፣ ያየህን የሰማህን አውጣ ይላል። ሰው ከፖሊስ አብልጦ ይፈራዋል። ፖሊስ የሚያስረው አንተን ነው፤ መሐላው ልጅህን ነው የሚይዘው። «ያየሁትን ብሰውር፣ የሰማሁትን ብደብቅ፣ ዘሬ ይጥፋ፣ ልጅ አይውጣልኝ» ይባላል። በመርሳና በግራና መንገድ መኪና የሚያንቀሳቅስ፣ ጋራዥ ያለው ሁሉ ቅዳሜ መርሳ ባለው ዋርካ ስር እንዲገኝ ተባለ። ሞገስ ተጠራ። ፒክአፓችን በዚያ መንገድ እንደምትመላለስ ይታወቃልና የእኛም ቤት ተጠራ።

አባቴ ደም ግፊቱ ተነስቶበት አልጋ ላይ ነበር። አንቺ ሂጂ አለኝ። መኪናችን ሰኞ ከወልድያ አልወጣችም በይ፣ ማይና ተመለሺ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት፤ «ልጅ አይውጣልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል። ለካ ሰው ገና ያልወለደውን ልጅ ይወዳል። ሞገስ ቢዋሽልኝ የሚምልበት ልጅ፣ እኔ ብዋሽ የምምልበት ልጅ፣ ያው አንድ ልጅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስሄድ ሰው ሁሉ ስለዚሁ ያወራል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ልጁን ጥሎ የሄደው ሰው አይደለም፣ አውሬ ነው አሉኝ፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ «አውሬ ነው» አልኩ። የገዛ ወንድሜን! ሰው የሚከተለኝ ይመስል በየመታጠፊያው ወደኋላ አያለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋራዡ ነው። ሞገስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሥራ የሌለው ሰው መስሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ልትል ነው?» አልኩት።

«አላውቅም።»

ይህን ቃል ከሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ይበልጥ ፈራሁ። እሱም ቀጠለ፦ አባቴን የገደለው መሐላ ነው፣ አንቺን ያተረፈሽም መሐላ ነው፤ ሁለቱን ስመዝን ከረምኩ፣ ሚዛኑ አልረጋልኝም አለ። ያንቺን ወንድም አያለሁ፣ ወዲያው ደግሞ የዚያን ልጅ አባት አያለሁ አለ። እጄን ሊይዝ ሲል እጄን ሸሸሁበት። ማድረግ አልነበረብኝም፣ ግን አደረግሁት።

«ከተናገርክ ዳግም አታየኝም» አልኩ። «የወንድሜን ስም በጠራ አፍ ስሜ እንዲጠራ አልፈልግም።»

ተነስቶ የጋራዡን በር ዘጋ፤ ሳንነጋገር፣ እሱ ፊት እኔ ኋላ ሆነን ወደ ዋርካው ሄድን።

ሕዝቡ ብዙ ነው። ሽማግሌዎቹ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው አያ ሲሳይ የሚባሉ፣ ነገር በመፍታት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ሼህ አብዱልሐሊም አጠገባቸው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። ዱዓ ተደረገ፣ ቄሱም ጸለዩ። ሰው ሁሉ አሜን ሲል እኔ አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

መሐላው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ልጅ ተነሳች። ሉብና ናት፣ የሟቹ እህት፤ በዕድሜ እኔን ታህላለች። ሻሿን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«እኔ ማን ነው አልልም፣ እሱን ለአባቴና ለሽማግሌዎች ትቻለሁ። ወንድሜ ቆይቶ ነው የሞተው ወይስ ወዲያው? ውሃ ጠይቆ ይሆን? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እሱን ብቻ ይንገረኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ብላ ተቀመጠች። እኔ መልሱን አውቃለሁ። እዚያ ከተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለሞገስ እንኳ አልነገርኩትም። እውነት ለሚገድልበት ሰው አይሰጥም እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ይህች ልጅ ግን ማንንም አትገድልበትም፣ ልትተኛበት ነው የፈለገችው። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

የመርሳ ሰዎች ተራ በተራ ማሉ። የወልድያዎቹ ከዚያ በኋላ ነን። እያንዳንዱ ሰው ቆሞ ሲቀመጥ ልቤ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቀመጣል።

«ሞገስ!» ተባለ።

ተነስቶ መሐል ቆመ። አያ ሲሳይ ቃሉን ሰጡት፤ እሱም እየተከተለ ማለት ጀመረ። «ያየሁትን ብሰውር» አለ። «የሰማሁትን ብደብቅ» አለ። «ዘሬ ይጥፋ» አለ። ከዚያ ቆመ። ዞሮ አየኝ። እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ የሚሰናበት ሰው አስተያየት ነበር። ገባኝ። ሊዋሽልኝ ነው አልኩ። ይህ ሰው፣ ስለ ጥርሱ እንኳ የማይዋሽ ሰው፣ ያባቱን ገዳይ መሐላ በገዛ አፉ ሊምልልኝ ነው፤ ያልወለድነውን ልጃችንን ሊያስይዝልኝ ነው።

«አይማል» አልኩ።

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ በኋላ እግሬ ራሱ ሄደ እንጂ እኔ አልሄድኩም። ከዋርካው ሥር አንድ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ፣ ሼሁ ፊት ተንበረከክሁ። በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው።

«የአንቱን ልጅ የገጨው ወንድሜ አሉላ ነው» አልኩ። «ሆን ብሎ አይደለም፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ነው። ፈርቶ ነው የሸሸ። እኛም ፈርተን ነው የደበቅነው።»

ከኋላዬ ሰው ሲነሳ ሰማሁ። የዱላ ድምፅ ሰማሁ፣ አንድ ወጣት የአባቴን ስም ሲጠራ ሰማሁ። አለቀልኝ አልኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስኪመታኝ ጠበቅሁ። አያ ሲሳይ «ተቀመጡ! ሸንጎ ላይ ነን!» አሉ። ሞገስ መጥቶ ከጎኔ ሲንበረከክ ትከሻው ነካኝ።

ሼህ አብዱልሐሊም ሙስባሃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጅቱ ድንጋዩን ታውርድ» አሉ። «የተሸከመችው የሷን አይደለም። ባለቤቱ ይምጣና ይሸከመው።»

ያን ጊዜ ሉብና አጠገቤ ቁጢጥ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ወርዶ እንዳየው፣ ትንፋሽ እንዳልነበረው፣ ውሃም እንዳልጠየቀ ነገርኳት። እንዲህ ብሎኛል፣ የነገረኝን ነው የነገርኩሽ አልኳት። ፊቴን አየችው፣ አምና ይሁን ሳታምን አላውቅም፣ ራሷን ነቀነቀችና ድንጋዩን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠችው።

አሉላን ሽማግሌዎች ከቆቦ አመጡት። መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ራሱ ገብቶ እጁን ሰጠ፣ ፍርድ ቤትም የሚገባውን ፈረደበት። ከዚያ በፊት ግን ያችኑ ድንጋይ ተሸክሞ ሼሁ ፊት ወድቋል፤ የሁለቱ ቤት ዕርቅም ተፈጸመ። መጀመሪያ እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ አልወጣም ይለኝ ነበር፤ እህቴ ናት የሸጠችኝ ብሎ ለእስረኞቹ ተናግሯል። አንድ ቀን ወጣ። ያመጣሁለትን ስንቅ ተቀበለኝና አሁን እንቅልፍ እንደሚወስደው ነገረኝ። ሌላ አላወራንም፣ አልቅሼ ተመለስኩ።

ሞገስና እኔ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ተፈራራን። እሱ ሱቅ አይመጣም፣ እኔ መርሳ አልሄድም። በስልክ «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ ደህና እለዋለሁ፤ እሱም ደህና ይላል። ደህና ማለት ለምዷል ለካ! ይህ ከሁሉ ይበልጥ አስለቀሰኝ።

ዕርቁ ከሆነ ከወራት በኋላ በአንድ እሑድ የቤታችን በር ተንኳኳ። አባቴ ሄዶ ከፈተ። በሩ ላይ አያ ሲሳይ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ሼህ አብዱልሐሊም። አባቴ አሁንም የቀረ ቂም አለ ብሎ ፈራ፤ እኔም ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ አያለሁ። ገብተው አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ሲላክ ቆሞ ነውና የሚናገር፣ ሼሁ ቆመው ተናገሩ።

«አቶ አታክልቲ፣ አላህ ልጄን ወሰደ፣ ያንተን ልጅ አሳየኝ። ለሞገስ ልጅህን ስጠን ብለን ነው የመጣነው።»

አባቴ ሼሁ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት ጋራዡ ሄድኩ። ሞገስ የአንድ ሚኒባስ ጎማ ፈቶ ኩሽኔታ እያጠበ ነው። ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ እንዳላገባ ለራሴ ምዬ ነበር የመጣሁት፤ ሳየው ግን ፍርሃቴ መጣ። እዋሽልሽ ነበር ቢለኝ፣ የሚዋሽ ሰው ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ወደድኩሽ ሲለኝ በምን አውቃለሁ? እናገር ነበር ቢለኝ ደግሞ... እሱን ላስበው አልፈለግሁም። ቢሆንም ጠየቅሁት።

«ያን ቀን ባላቋርጥህ ምን ልትል ነበር?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣሪያውን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

«ልዋሽ ነበር የተነሳሁት። ስነሳ ቆርጬ ነበር። ልጅ የሚለው ላይ ስደርስ አየሁሽ። ልጅ የሚወጣልኝ ካንቺ ነው፤ በሱ መዋሸት አቃተኝ። ልናገር ነበር ፍሬ። የተሰናበትኩሽ ለዚያ ነው።»

ለካ አላዳንኩትም። ለካ ያ አስተያየት ሌላ ነበር። አንድ ቃል ብዘገይ ኖሮ የወንድሜን ስም የሚጠራው እሱ ነበር፣ እኔም ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።

እሱም እንደኔ ፈርቷል። ኩሽኔታውን ከእጁ ወደ እጁ እያዛወረ፣ «ተናግሬው ቢሆን ኖሮስ?» አለ። «ታገቢኝ ነበር?»

ያንን ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ በር ላይ ምን እንዳልኩት ሁለታችንም አልረሳነውም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እሱም ያውቀዋል። አላገባውም ነበር። እየወደድኩት፣ እየተቃጠልኩ፣ አላገባውም ነበር።

«አገባህ ነበር» አልኩት።

ቃሌን ተቀበለ። ያኔ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ያንን ኩሽኔታ እንዳገላበጠው አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። ከዚያ ከዓይኑ ዳር ፈገግታ ጀመረው።

«ኦሪጅናል አይደለም» አለ። «ግን ይበቃናል።»

ኩሽኔታውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋልኝ፣ ግራሶው ገና አልለቀቀም። ያዝኩት።